የዘር ንጥር ሕመም ያስታግሳል ከማለት በፊት፦ በአይጥ ሙከራ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የአንድ ተክል ዘር ይፈጫል፣ በሜታኖል ይዘፈዘፋል፣ ይጣራል፣ ይደርቃል። የተገኘው ንጥር ለአይጦች ይሰጣል። ቀጥሎ የሚያም ነገር ይደረግባቸዋል። ንጥሩን የወሰዱት ካልወሰዱት ያነሰ የሕመም ምልክት ካሳዩ፣ ዘሩ ሕመም ያስታግሳል ይባላል።

ሲወራ ቀላል ነው። ነገር ግን እዚህ ሕይወት ባለው እንስሳ ላይ ሆን ተብሎ ሕመም እየደረሰ ነው። ውጤቱ የማይታመን ከሆነ እነዚያ እንስሳት የተሰቃዩት በከንቱ ነው። ስለዚህ ስህተቶቹን ቀድሞ ማወቅ ለእኔ የጥሩ ተመራማሪ የመጀመሪያ ግዴታ ነው።

ዝም ያለችን አይጥ ሕመሟ ቀለላት ማለት

ከሁሉም የሚከፋው ይህ ነው። በጣም የተለመደው ሙከራ የአሴቲክ አሲድ ሙከራ ነው። 0.6 በመቶ የሆነ አሲድ፣ ለአንድ ኪሎ ክብደት 10 ሚሊ ሊትር በሚል ስሌት፣ የአይጧ ሆድ ዕቃ ውስጥ በመርፌ ይሰጣል። አይጧ ሆዷን እያኮማተረች የኋላ እግሮቿን ትዘረጋለች። ብዙ ጊዜ ከ5 ደቂቃ በኋላ ቆጠራ ይጀመርና ለ20 ወይም ለ30 ደቂቃ ይቀጥላል።

ሙከራው ርካሽና ፈጣን ነው። ለትንሽ ነገርም ምላሽ ይሰጣል። ችግሩም ያለው እዚያው ላይ ነው። ቁጥሩን የሚቀንሰው የሕመም ማስታገሻ ብቻ አይደለም። የሚያስተኛ፣ የሚያደነዝዝ፣ ጡንቻ የሚያላላ ነገር ሁሉ ይቀንሰዋል። የአስተናግርን ዘር ይውሰዱ። ውስጡ አትሮፒንና ስኮፖላሚን አለ። ሁለቱም በነርቭ ላይ የሚሠሩ ኃይለኛ ንጥረ ነገሮች ናቸው፤ የእንስሳዋን ሁኔታ ይለውጣሉ። የቆጠራው ቁጥር ብቻውን ይህ ማስታገስ ይሁን መመረዝ አይነግርዎትም። ሊሞት የተቃረበ እንስሳም እኮ አይንፈራገጥም።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። ተመሳሳይ መጠን የወሰዱ ሌሎች አይጦችን በሚሽከረከር ዘንግ ላይ ያስቀምጧቸው። ሚዛናቸውን ጠብቀው ከቆዩ መልካም ነው። ቶሎ ቶሎ ከወደቁ ግን ሕመም አስታገሰ ለማለት ገና ነው። ከሁሉ በፊት ደግሞ የመርዛማነት ፍተሻ ይቅደም። በሰፊው የሚሠራበት ኦኢሲዲ የተባለው ዓለም አቀፍ ድርጅት ያወጣው መመሪያ ቁጥር 425 ነው። በእሱ መሠረት አብዛኛውን ጊዜ በኪሎ 2000 ሚሊ ግራም ይሰጥና እንስሳቱ ለ14 ቀን ይታያሉ።

በአንድ ሙከራ መደምደም

የአሲዱ ሙከራ ማስታገሻው የት እንደሚሠራ አይለይም። ለዚያ ሌሎች አሉ። አንዱ ወደ 55 ዲግሪ ሴልሺየስ የሞቀ ሳህን ነው። አይጧ መዳፏን እስክትልስ ወይም እስክትዘል ያለው ጊዜ ይለካል። እንደ ሞርፊን አእምሮና ሕብለ ሰረሰር ላይ የሚሠሩ መድኃኒቶች ይህን ጊዜ ያስረዝሙታል። እንደ አስፕሪን ያሉት ግን እዚህ ውጤታቸው እምብዛም አይታይም። እባክዎ የጊዜ ገደብ ያስቀምጡ፤ 15 ወይም 20 ሰከንድ ይበቃል። ከዚያ በላይ ማቆየት መዳፏን ማቃጠል ነው።

ፎርማሊን የተባለ የሚያቃጥል ኬሚካል በመርፌ የሚሰጥበት ሙከራ የበለጠ ያስተምራል፤ ሕመሙ ሁለት ምዕራፍ አለውና። በመጀመሪያዎቹ 5 ደቂቃዎች ገደማ ፎርማሊኑ ነርቭን በቀጥታ ይነካል። ከ15ኛው ደቂቃ ገደማ በኋላ የሚመጣው በዋናነት ከብግነት ጋር የተያያዘ ነው። ሞርፊን ሁለቱንም ያበርዳል፣ የአስፕሪን ዓይነቶቹ በዋናነት ሁለተኛውን። ንጥሩ በሞርፊን መንገድ እንደሚሠራ ከጠረጠሩ የሞርፊንን ሥራ የሚያግደውን ናሎክሶን ቀድመው ይስጡና ውጤቱ ይጠፋ እንደሆነ ይዩ።

ዘር ቅጠል መስሎን መሥራት

ብዙ ዘር ዘይት አለው። ዘይቱ በሄክሴን ወይም በፔትሮሊየም ኢተር (ዘይት በሚያሟሙ ፈሳሾች) ቀድሞ ካልወጣ፣ የሚገኘው ንጥር ይሙለጨለጫል፣ ከውኃ ጋር አይዋሃድም፣ ለእያንዳንዷ አይጥ የሚደርሰውም መጠን ይዛነፋል። ዘይቱን ግን አይድፉት። በጥቁር አዝሙድ ውስጥ ብዙ የተጠናው ታይሞኪኖን ለምሳሌ ከዘይቱ ጋር ነው የሚወጣው። ዘይቱን የደፋ ሰው ዘሩ አይሠራም ብሎ ሊደመድም ይችላል።

ንጥሩ ዘይታማ ነገርን ከውኃ ጋር በሚያዋህደው ትዊን 80 ተበጥብጦ ከተሰጠ፣ የማነጻጸሪያው ቡድንም ትዊን 80 በዚያው መጠን ይውሰድ። ውኃ ብቻ መስጠት ማነጻጸር አይባልም።

ቆጣሪው ማን ምን እንደወሰደ ማወቁ

የሆድ መኮማተርን መቁጠር የዓይን ፍርድ ነው። ይህቺ ተቆጥራ ያቺ ልትዘለል ትችላለች። ንጥሩ እንዲሠራ የሚመኝ ሰው ሳያውቀው ወደሚመኘው ያደላል። ስለዚህ አንዱ መድኃኒቱን ይስጥ፣ ሌላው ይቁጠር። ቆጣሪው ጎጆው ላይ የኮድ ቁጥር ብቻ ይይ። አይጦቹም ለየቡድኑ በዕጣ ይደልደሉ።

የሰዎቹ ማንነት ራሱ ለውጥ ያመጣል። በ2014 የወጣ ጥናት የወንድ ተመራማሪ ጠረን አይጦችን እንደሚያስጨንቅና የሕመም ምላሻቸውን እንደሚቀንስ አሳይቷል። ጭንቀት ራሱ ሕመምን ያፍናል። አንዱን ቡድን ወንድ፣ ሌላውን ሴት ከያዘው ልዩነቱ ከዘሩ ይምጣ ከሰው አይታወቅም።

የአይጥን መጠን ለሰው እንዳለ ማባዛት

በኪሎ 400 ሚሊ ግራም አይጥ ላይ ከሠራ፣ 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 24 ግራም ይሆናል ማለት ስህተት ነው። የአይጥ ሰውነት መድኃኒትን የሚያስወግደው በፍጥነት ነው። የተለመደው ስሌት በኪሎ የተሰጠውን መጠን ለ12.3 ያካፍላል። ያ ወደ 32 ሚሊ ግራም በኪሎ ነው፤ ለዚያ ሰው በጠቅላላ 2 ግራም ገደማ። ይህም ቢሆን ለቀጣይ ጥናት መነሻ ነው እንጂ የመድኃኒት ትእዛዝ አይደለም።

ከዚህ ተነስቶ ለሰዎች ዘሩን ብሉ ማለት ደግሞ አደጋ ነው። የተፈተሸው ንጥሩ ነው፣ ዘሩ አይደለም። የጉሎ ዘር ውስጥ ሪሲን የሚባል ገዳይ ፕሮቲን አለ። ሜታኖል ፕሮቲንን በደንብ አያወጣም። ስለዚህ የጉሎን የሜታኖል ንጥር ወስደው በሰላም የቆዩ አይጦች፣ ዘሩን አኝኮ ስለሚውጥ ሰው የሚነግሩን ነገር የለም።