ጌም ቤት ስቲም ስትከፍቱ ፓስወርድ አትጻፉ

ረጅም ፓስወርድ በየጊዜው መጻፍ ስለሚሰለች ብዙ ሰው ለስቲም (የኮምፒውተር ጌም መግዣና መጫወቻ መድረክ) አካውንቱ አጭርና ቀላሉን ይመርጣል፤ እሱኑ ደግሞ ጌም ቤት ወይም ጓደኛው ኮምፒውተር ላይ ይጽፈዋል። ለሌባ ከዚህ በላይ የሚመች ነገር የለም።

መፍትሔው ስልካችሁ ላይ ነው። የስቲምን አፕ ጫኑና ስቲም ጋርድን (ወደ አካውንታችሁ ሲገባ ስልካችሁ ላይ እንድታጸድቁ የሚጠይቀውን መከላከያ) አብሩት። ከዚያ ኮምፒውተሩ ላይ የመግቢያው ገጽ ሲመጣ ከፓስወርዱ ቦታ ጎን ያለውን ኪውአር ኮድ በአፑ ስካን አድርጋችሁ ስልካችሁ ላይ ስታጸድቁት ገባችሁ፣ በቃ። ምንም ስላልጻፋችሁ፣ የምትነኩትን ቁልፍ ሁሉ የሚመዘግብ ቫይረስ ቢኖር እንኳ ፓስወርዳችሁን አያገኝም። ፓስወርዱንም እንደልባችሁ ረጅምና ውስብስብ አድርጉት፣ በየቀኑ አትጽፉትማ!

የራሳችሁ ኮምፒውተር ላይ «አስታውሰኝ» የሚለውን ብትመርጡ ችግር የለውም። ሌላ ቦታ ግን አትምረጡ፣ ስትጨርሱም ውጡ። መውጣት ከረሳችሁ አፑ ውስጥ ስቲም ጋርድ ስር የገባችሁባቸው መሣሪያዎች ዝርዝር አለ፤ ከዚያ ሆናችሁ ማስወጣት ትችላላችሁ።

አደራ፣ በቴሌግራም ወይም በዲስኮርድ ሰው የላከላችሁን ኪውአር ኮድ በፍጹም ስካን እንዳታደርጉ። ያንን ስታጸድቁ አካውንታችሁ ውስጥ የሚገባው ላኪው ነው። ስልክ ሊጠፋም ስለሚችል የስቲም ጋርዱን የመልሶ ማግኛ ኮድ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ቤት አስቀምጡ። ስክሪንሾት አንስታችሁ እዚያው ስልክ ላይ ብቻ ከተዋችሁት ከስልኩ ጋር አብሮ ይጠፋል።