ፖሊሽ ከማስመታታችሁ በፊት

ኮምቦልቻ ጋራዥ ውስጥ የመኪና ቀለም እነፋለሁ። ባለመኪናው ሁሉ ሲመጣ «ወንድምዓለም፣ ፖሊሽ ብትመታልኝ ስንት ትለኛለህ?» ይለኛል። እኔ ደግሞ አስቀድሜ በምን እንደሚያጥበው እጠይቀዋለሁ።

የአሁን መኪና የሚያብረቀርቀው ከቀለሙ ላይ በተነፋው ክሊር፣ ማለትም ቀለም በሌለው ስስ ሽፋን ነው። የፋብሪካው ክሊር ብዙውን ጊዜ ከ40 እስከ 50 ማይክሮን ቢሆን ነው፤ ከፀጉር ይቀጥናል። ፖሊሽ ሲመታ ከዚያችው ላይ ይፋቃል። በየበዓሉ የሚያስመታ ሰው ክሊሩን እየጨረሰ ነው።

ዋናው እጥበቱ ነው። ከደሴ በሐረጎ የወረደ መኪና ክረምት ጭቃ፣ በጋ አቧራ ለብሶ ይገባል። አቧራ ደቃቅ አሸዋ አለው። በደረቅ ጨርቅ ጠረግ ጠረግ ካደረጋችሁት፣ ፀሐይ ሲያርፍበት ኮፈኑ ላይ ክብ ክብ የሚሠራው ጭረት ይመጣል። ስለዚህ መጀመሪያ ውሃ ብቻ ከላይ ወደ ታች ልቀቁበት፤ ጭቃው ርሶ ይውረድ። ከዚያ ሁለት ባልዲ፦ አንዱ ሳሙና፣ አንዱ ንጹህ ውሃ። ስፖንጁ ወደ ሳሙናው የሚመለሰው በንጹሁ ውሃ ከታጠበ በኋላ ነው። ከጣራው ጀምሩ፤ ጎማና የበሩ ታች መጨረሻ ላይ፣ ያውም በሌላ ጨርቅ። ላቫጆ ከወሰዳችሁት ጎማ ያሸው ስፖንጅ ኮፈን ላይ እንዳይወጣ ቆማችሁ እዩ። ልጆቹ ቢያኮርፉም ያኩርፉ።

የልብስ ዱቄት ሳሙና ክሊሩ ላይ የተቀባውን ሰም ይዞት ይሄዳል፤ የመኪና ሻምፖ ግዙ። ናፍጣ ቀብቶ ማብረቅረቅ የሚሉትንም ተዉት፤ ለዛሬ ያበራል፣ ነገ አቧራውን ሁሉ ይሰበስባል። የወፍ ኩስ ደግሞ አይደር። በእርጥብ ጨርቅ አርሳችሁ አንሱት እንጂ አትፈግፍጉት፤ ፀሐይ ካደረቀው ክሊሩን ይበላዋል።

ሰም የሚቀባው ጥላ ውስጥ፣ ቆርቆሮው ሲቀዘቅዝ ነው፤ ስስ አድርጋችሁ። የደሴ ሰዎች ብርድና ጭጋጉን አይተው ፀሐይዋን ይንቋታል። ደሴ ግን ከ2,400 ሜትር በላይ ናት፤ ቀለም የሚያደበዝዘው አልትራቫዮሌት ደግሞ በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ውሃ ስታፈሱበት ጠብ ጠብ ብሎ መንከባለሉን ትቶ ከተንጣለለ፣ ሰሙ አልቋልና ድገሙ።

ይህን ሁሉ አድርጋችሁም ከደበዘዘ ፖሊሹ ይምጣ። ጥፍራችሁን ጭረቱ ላይ አሻግሩ፤ ጥፍር የሚይዝ ጭረት በፖሊሽ አይጠፋም፣ እሱን ለማጥፋት የሚታገል ባለሙያ ክሊሩን ይበሳዋል። ከለስላሳው ፖሊሽ ይጀመር፤ ሻካራው የሚመጣው ያ ካቃተው ብቻ ነው። ጠርዝ ጠርዙ በወረቀት ፕላስተር ይሸፈን፣ ቀለሙ እዚያ ስስ ነው። ጨርቁ ላይ የመኪናው ቀለም ከወጣ ወይ ክሊር የሌለው የድሮ ቀለም ነው፣ ወይ ክሊሩ አልቋል። ያን ጊዜ ማሽኑን አስቁሙና ጠይቁ።

ክሊሩ ተልጦ ነጭ ነጭ ካለ ግን አሽቶ እንደገና መንፋት እንጂ ሌላ መላ የለውም። በፖሊሽ እመልሰዋለሁ ለሚላችሁ ብር አትክፈሉ።