«የጎደለውን ክፈይ» የሚል ደብዳቤ ሲመጣ

ደብዳቤው መጀመሪያ የደረሰው ለእኔ ሳይሆን ለአጎቴ ነው። ደሴ፣ ሰኞ ገበያ ሱቁ ውስጥ እንደተቀመጠ የድሮ መሥሪያ ቤቴ ሾፌር ፖስታ ሰጥቶት ሄደ። ከአራት ዓመት በፊት ኮምቦልቻ አንድ የሕንፃ መሣሪያ አከፋፋይ ዘንድ ስቶር ኪፐር ሆኜ ስቀጠር «ዋስ አምጪ» ተብዬ የፈረመልኝ እሱ ነበር። ወረቀቱ «በሠራተኛዋ ተሰርቆ የተገኘ ጉድለት» ይላል፤ 155,100 ብር ይላል፤ በ5 ቀን ውስጥ ካልተከፈለ በሕግ እንጠይቃለን ይላል። አጎቴ ደውሎ «አብሽሪ» አለኝ። ድምፁን ስሰማው ግን አብሽር የሚለው ሰው የሚያስፈልገው እሱ ራሱ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሦስት ሰዎች፣ አንዲት ካሸርና ሁለት ስቶር ኪፐሮች፣ ተመሳሳይ ወረቀት ይዘው ወደ እኔ መጥተዋል። ለእነሱ የነገርኳቸውን ነው እዚህ የምጽፈው። ጠበቃ አይደለሁም። ገንዘቡ ከበዛ ወይም ፖሊስ ከገባበት ጠበቃ ያዙ፤ አቅም ካጠረ የሕግ ትምህርት ቤት ያላቸው ዩኒቨርሲቲዎች ነፃ የሕግ ድጋፍ ስለሚሰጡ ሄዳችሁ ጠይቁ።

የመጀመሪያው ቀን ሥራ ዝም ማለት ነው። እኔማ በማግስቱ በመጀመሪያው ሚኒባስ ሐረጎን ወርጄ ኮምቦልቻ ባለቤቱ ላይ ልጮህ ነበር። ያስቆመችኝ ፍርድ ቤት በር ላይ ማመልከቻ የምትጽፍ ጎረቤቴ ናት። «ብትጮኺ እሱ ምስክር ያገኛል፤ አንቺስ ምን ታገኛለሽ?» አለችኝ። ስልክ ቢደወል «በጽሑፍ መልስ እሰጣለሁ» ብላችሁ ዝጉ። የቴሌግራም መልእክት፣ የድምፅ መልእክት፣ ፎቶ፣ የሚያሳፍረውንም ጭምር፣ አንዱንም አትሰርዙ።

ከዚያ እርሳስ ይዛችሁ ደብዳቤውን አንብቡ። የእኔው «ስርቆት» እና «ጉድለት» የሚሉትን ቃላት በአንድ ዓረፍተ ነገር አስሮ ነበር፤ ሁለቱ ግን ለየቅል ናቸው። ስርቆት ወንጀል ነው፤ ዐቃቤ ሕግ ከሶ ማስረዳት አለበት። ጉድለት ሒሳብ ነው፤ መዝገቡ ላይ ያለውና መጋዘኑ ውስጥ የተገኘው አልተገናኙም ማለት ብቻ ነው፤ ያልተገናኙበትን ምክንያት ገና ማንም አላየም። ብዙ ሰው ለስርቆቱ ብቻ ይመልሳል፤ «በአላህ ስም አልሰረቅሁም» ብሎ ሁለት ገጽ ይጽፋል፣ ቁጥሩን ግን አይነካውም። ከዚህ የሚብሰው «እከፍላለሁ፣ ጊዜ ስጡኝ» ብሎ መጻፍ ነው። ደንግጣችሁ የጻፋችሁት ያ ወረቀት ነገ ፍርድ ቤት ሲቀርብ «ዕዳውን አምናለች» ይላል።

የእኔ የመጀመሪያ ረቂቅ ሦስት ገጽ ነበር። ነፍሰ ጡር ሆኜ ሲሚንቶ ያስጫንኩበት ቀን ሁሉ ነበረበት። ጎረቤቴ አንብባው አለቀሰችና ከዚያ ሁሉንም ሰረዘችው። የቀረው ይህ ነው፦

«ሚያዝያ 9 ቀን 2016 የጻፋችሁት ደብዳቤ ደርሶኛል። የተጠቀሰውን ስርቆትም ሆነ ዕዳ አልቀበልም። ዝርዝር መልስ መስጠት እንድችል ጎደለ የተባለው ዕቃ በዓይነት፣ በብዛትና በነጠላ ዋጋ ተለይቶ፣ የቆጠራው ቀንና የቆጠሩት ሰዎች ስም፣ የመነሻ ቆጠራው፣ የገቢና የወጪ ደረሰኞች እንዲሁም የቢን ካርዶቹ ቅጂ እንዲሰጠኝ እጠይቃለሁ። ቆጠራው የተካሄደው ሥራ ከለቀቅሁ በኋላ እኔ ባልተገኘሁበት ነው። ያልተከፈለኝ የየካቲት ወር ደመወዝና ያልተጠቀምኩበት የዓመት ፈቃድ ክፍያ እንዲከፈለኝም እጠይቃለሁ።»

(ቢን ካርድ የእያንዳንዱ ዕቃ ገቢና ወጪ የሚጻፍበት የመጋዘን ካርድ ነው።) «ምናልባት» የለበትም፣ ይቅርታ የለበትም፣ ስድብም የለበትም። በተሰጣችሁ ቀን ውስጥ አድርሱት፤ የ5 ቀኑን ገደብ የቆረጠው ሕግ ሳይሆን ባለቤቱ ነው፣ ግን «ዝም አለች» እንዳይባል። ሁለት ቅጂ አዘጋጁና አንዱ ላይ «ተቀብያለሁ» አስብላችሁ አስፈርሙ። እኔን ጸሐፊዋ «እንዳልቀበል ተነግሮኛል» አለችኝ። ከእሷ ጋር አልተጨቃጨቅሁም፤ ፖስታ ቤት ሄጄ በሪኮማንዴ፣ ማለትም ተመዝግቦ በሚሄድ ደብዳቤ፣ ላክሁት። ደረሰኙ እስካሁን አለኝ።

በሁለተኛው ሳምንት አራት ገጽ ዝርዝር መጣ። ነገሩ የተፈታው እዚህ ላይ ነው።

ትልቁ ቁጥር የፌሮ ነበር፤ 74 በርጋ (ዘንግ) ባለ 12 ሚሊሜትር፣ በ1,100 ብር ሒሳብ 81,400 ብር። ሌሊቱን ሙሉ ቢን ካርድ ሳገላብጥ አድሬ ንጋት ላይ ገባኝ። ፌሮ ከፋብሪካ የሚገባው በኩንታል ነው፤ ከመጋዘን የሚወጣው በበርጋ ነው። ባለ 12 ፌሮ በሜትር 0.888 ኪሎ ይመዝናል፤ በርጋው 12 ሜትር ስለሆነ 10.66 ኪሎ ገደማ ይሆናል። ሒሳብ ሠራተኛው ግን እንዲቀለው ለ10 አካፍሎታል። 120 ኩንታል፣ ማለትም 12,000 ኪሎ፣ ለ10 ሲካፈል 1,200 በርጋ ነው። በትክክለኛው ክብደት ሲካፈል 1,126 ነው። ሰረቀች የተባልኩት 74 በርጋ ከፋብሪካ አልወጣ፣ ከመኪና አልወረደ፤ የተወለደው ካልኩሌተር ላይ ነው። በአንድ መለኪያ ገብቶ በሌላ የሚወጣ ዕቃ ካላችሁ፣ ሽቦ በኪሎና በጥቅል፣ ዘይት በጀሪካንና በሊትር፣ መጀመሪያ እዚያ ፈልጉ።

38 ከረጢት ሲሚንቶ፣ 24,700 ብር። ይህ ክረምት ላይ ጣሪያው አፍስሶ የጠጠረው ነው፤ «አውጥታችሁ ጣሉት» ያለው ባለቤቱ ራሱ ነው፣ ግን በቃል። ያወጡት ሁለት የቀን ሠራተኞች ነበሩ፤ እኔም ያኔ ለመሳቅ ብዬ የደረቀው ላይ የተቀመጥኩበት ፎቶ ስልኬ ላይ ነበር፣ ከነቀኑ። 60 ቆርቆሮ፣ 43,200 ብር። የባለቤቱ አማች «ደረሰኙ በኋላ ይቆረጣል» ብሎ የወሰደው ነው፤ የባለቤቱ «ስጪው» የሚል የድምፅ መልእክት ቴሌግራም ላይ ነበረኝ። (በቃል ትእዛዝ ዕቃ አታውጡ ብዬ መምከር ይቀለኛል፤ እንጀራውን የሚሰጣችሁ ሰው ደውሎ ሲያዝ እንዴት እንቢ እንደሚባል ግን አላውቅም።)

የቀረው ምስማርና ሁለት ባልዲ ቀለም ነው፣ 5,800 ብር። እውነቱን ለመናገር ይህ የት እንደገባ አላውቅም። እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥማችሁ ታሪክ አትፍጠሩለት። አንዷ ውሸት ከተያዘች እውነተኛዎቹን ሦስት መልሶች ይዛ ትሄዳለች። እኔ በሁለተኛው ደብዳቤዬ ላይ «ይህ በጋራ ቆጠራ ይጣራ» ብዬ ብቻ አለፍኩት።

በዚህ መሐል ሽማግሌ መጣ። ወሎ አይደል፤ አንድ ሼህ፣ አንድ ቄስና አንድ የባለቤቱ ጓደኛ እሑድ ጠዋት ቤቴ ገቡ። ቡና አፈላሁ። አቦሉ ሳያልቅ «ግማሹን ክፈይና ነገሩ ይብረድ» ተባለ፣ ተጽፎ የመጣ ወረቀትም ወጣ። የመጀመሪያው መስመር «ያጎደልኩትን ንብረት» ይላል። ሽማግሌን ማክበር አንድ ነገር ነው፣ ያመጣውን መፈረም ሌላ። «አባቶቼ፣ ወረቀቱን ተዉልኝና ላንብበው» አልኩ። መስማማት ብትፈልጉ እንኳ ወረቀቱ ጥፋት ሳታምኑ መሆኑን፣ ከዚህ በኋላ አንዳችሁ በሌላው ላይ ጥያቄ እንደሌላችሁና የዋስትናው ወረቀት እንደሚመለስ ይናገር። ሦስተኛው ሰውዬ «ቼክ ጽፈሽ አስቀምጪና ቀስ ብለሽ ትከፍያለሽ» ሲል ቄሱ ራሳቸው ቆጣ ብለው አዩት። ቼክ በፍጹም አትጻፉ። ስንቅ የሌለው ቼክ፣ ማለትም ባንክ ውስጥ በቂ ገንዘብ ሳይኖር የተጻፈ ቼክ፣ መስጠት ራሱን የቻለ ወንጀል ነው፤ ከሒሳብ ክርክር ወደ እስር ቤት የሚያሻግራችሁ ያ ነው።

ፈርታችሁ ፈርማችሁ ከሆነስ? የፍትሐ ብሔር ሕጉ በማስፈራራት የተገኘ ውል እንዲፈርስ መጠየቅን ይፈቅዳል፤ ጊዜው ሁለት ዓመት ነው። ግን «እከስሻለሁ» ማለት ብቻውን አይበቃም፤ መብቱን ተገን አድርጎ ከመጠን ያለፈ ጥቅም ለማግኘት ማስፈራራቱን ማስረዳት ይጠይቃል። ያን ከማስረዳት አለመፈረም ይቀላል። ደግሞ «ከከፈልሽ ክሱን እንተወዋለን» የሚለውን ሙሉ በሙሉ አትመኑ፤ የስርቆት ክስ አንዴ ከተከፈተ የዐቃቤ ሕግ ነው፣ አሠሪው እንደ ዕቃ የሚመልሰው አይደለም።

ፖሊስ በመጥሪያ ከጠራችሁ ሂዱ፤ መቅረት ከስርቆቱ በላይ ያስጠረጥራል። ግን ቃል የመስጠት ግዴታ የለባችሁም። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ዝም የማለት መብት ይሰጣል፣ የተያዘ ሰውም በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት ይላል።

ዋሳችሁን አትርሱ፤ ብዙ ጊዜ የሚፈራውም ቀድሞ የሚከፍለውም እሱ ነው። አጎቴ ሊከፍል ሁለት በግ ሊሸጥ አስቦ ነበር። የፈረመው ወረቀት ቅጂ ሲመጣ «እስከ ........ ብር» የሚለው መስመር ባዶ ነበር። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1922 የዋስትና ውል ዋስ የተሆነበት ከፍተኛው ገንዘብ ካልተገለጸበት አይጸናም ይላል። አጎቴ ሦስት መስመር ደብዳቤ ጻፈና በጎቹን ለአረፋ አስቀራቸው።

የራሳችሁን ገንዘብም ጠይቁ። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ 1156/2011 መሠረት የመጨረሻ ክፍያ ሥራው በተቋረጠ በ7 የሥራ ቀን ውስጥ መከፈል አለበት። አሠሪው «ጎድሏል» ስላለ ብቻ ከደመወዝ መቁረጥ አይችልም፤ ሕግ፣ የኅብረት ስምምነት፣ የሥራ ደንብ፣ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም የእናንተ የጽሑፍ ስምምነት ያስፈልገዋል፣ ሲቆረጥም በአንድ ጊዜ ከወር ደመወዝ ሲሶ አይበልጥም። ቀን ቁጠሩ፤ የደመወዝ ጥያቄ በ6 ወር ይታገዳል፣ ያለአግባብ ተባርሬያለሁና ልመለስ የሚል ደግሞ በ3 ወር። የአሠሪው ሽማግሌ ሲመላለስ እነዚህ ወራት ቆመው አይጠብቁም። የሥራ ልምድ ወረቀትም በነፃ የመስጠት ግዴታ አለበት።

ሰኔ ላይ መጋዘኑ ውስጥ ተቀምጠን ዝርዝሩን መስመር በመስመር አየን። ፌሮውን ሒሳብ ሠራተኛው ራሱ በድጋሚ አካፍሎ ዝም አለ። ሲሚንቶው ተሰረዘ። ቆርቆሮው ላይ ባለቤቱ «አማቼን እጠይቃለሁ» አለ፣ እስካሁን እየጠየቀ ይሆናል። 5,800 ብሩ ጥፋት ሳላምን ከፈቃድ ክፍያዬ እንዲቀነስ በጽሑፍ ተስማማሁ፤ ጎረቤቴ በዚህ እስከ ዛሬ ትቆጣኛለች። የቀረውን ገንዘብ፣ የሥራ ልምዴንና የዋስትናውን ወረቀት ይዤ ወጣሁ። ማታ ወረቀቱን ለአጎቴ ስሰጠው መነጽሩን አድርጎ ባዶውን መስመር ፈለገ፣ በእስክሪብቶ ሰረዘውና ኪሱ ከተተው።