ትልቅ የቴክኖሎጂ ግዢ ከመፈረሙ በፊት ስጋቱን እንዴት እንመዝን?

አብዛኛው ሥራ አስኪያጅ የአደጋውን ዕድል በጉዳቱ መጠን አባዝቶ ይወስናል። ስሌቱ ልክ ነው፤ ብቻውን ግን ያሳስታል። 50 በመቶ ዕድል ያለው የ4 ሚሊዮን ኪሳራና 5 በመቶ ዕድል ያለው የ40 ሚሊዮን ኪሳራ በወረቀት ላይ እኩል 2 ሚሊዮን ናቸው። መጠባበቂያው 15 ሚሊዮን ብቻ የሆነ ድርጅት ግን የመጀመሪያውን ይችለዋል፤ ሁለተኛው ያዘጋዋል።

ስለዚህ አስቀድማችሁ "ሙሉ በሙሉ ቢከሽፍ ስንት እናጣለን?" የሚለውን በቁጥር ጻፉ። በግዢው ዋጋ ላይ ሥራ ሲቆም የሚታጣውን ገቢ፣ አሮጌና አዲስ ሲስተም ጎን ለጎን የማስኬጃውን ወጪና ውል የማፍረሻውን ቅጣት ደምሩበት። አለመግዛትም የራሱ ኪሳራ አለው፤ እሱም እዚያው ሠንጠረዥ ላይ ይግባ። ገማቾቹ ቁጥራቸውን ለየብቻ ጽፈው ካስረከቡ በኋላ ይሰብሰቡ፤ አለቃ ቀድሞ ከተናገረ የሁሉም ግምት ወደ እሱ ያዘነብላል።

ከሁሉ በላይ የሚዘነጋው መመለሻው ነው። ሲስተሙን የምትቀይሩበት ጊዜ 48 ሰዓት ቢሆንና ወደ አሮጌው መመለስ 14 ሰዓት ቢፈጅ፣ "እንቀጥል ወይስ እንመለስ" የሚለው ቢዘገይ በ34ኛው ሰዓት መወሰን አለበት። ዳታ ማዛወሩ በልምምድ ላይ 40 ሰዓት ከወሰደ እንግዲህ መመለሻ የላችሁም። ልምምዱም በሙሉው ዳታ ይሁን። ናሙና ሰዓቱን አሳንሶ ያሳያል፤ ለዓመታት የተከማቹትን የተበላሹ መዝገቦችም አያወጣቸውም።

በአሜሪካ የዴንቨር ከተማ አየር ማረፊያ አውቶማቲክ የሻንጣ ማጓጓዣው አልሠራ ብሎ፣ በዋናነት በዚሁ የተነሳ 16 ወር ዘግይቶ እ.ኤ.አ. በ1995 ተከፈተ። በጋሪ የሚጎተተው የተለመደው ማጓጓዣ በመጠባበቂያነት የታሰበው ችግሩ ከመጣ በኋላ ነበር። አውቶማቲኩ በ2005 ጨርሶ ተተወ።

ገንዘቡን ባንዴ አትልቀቁ። በመጀመሪያ 10 በመቶ ያህሉን መድቡና ከባዱን ክፍል ሞክሩበት። ብዙዎች ሙከራውን ቀላሉ ቅርንጫፍ ላይ ያደርጉትና የሚያገኙት መልካም ውጤት ስለ ከባዱ ምንም ሳይነግራቸው ይቀራል። የማቆሚያውን መስፈርት ሥራው ሳይጀመር ጻፉት፦ "እስከ 6ኛው ወር ከ100 ግብይት 99ኙ በትክክል ካላለፉ ቀጣዩ ክፍያ አይለቀቅም" እንደሚባለው። ገንዘብ ከወጣ በኋላ "ይህን ያህል አፍስሰን እንዴት እናቆማለን?" የሚለው ክርክር ያይላል። የማቆም ሥልጣኑም ፕሮጀክቱን ላቀረበው ሰው አይሰጥ።