የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ሲመርጡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች፤ ለጎንደር ቤትና ወርክሾፕ

ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። ቀኑ ፀሐይ ቢሆንም የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ወደ 10 ዲግሪ ይወርዳል፤ አንዳንዴም ከዚያ በታች ይላል። ስለዚህ ማሞቂያ መፈለግ ቅንጦት አይደለም። ብዙ ሰው ግን ነገሩን የሚጀምረው ከሱቅ ነው። መጀመር ያለበት ከጣሪያውና ከቆጣሪው ነበር።

ኮርኒስ ሳይመቱ ማሞቂያ መግዛት

ከሁሉም የሚብሰው ይኸኛው ነው። 4 በ4 ሜትር የሆነች፣ ቁመቷ 2.70፣ ሁለት ግድግዳዋ ወደ ውጭ የሚያይ የብሎኬት ክፍል እንውሰድ። ውጭው 8 ዲግሪ ሆኖ ውስጡን 18 ማድረግ ከፈለግን ልዩነቱ 10 ነው። ባዶ ቆርቆሮ ለእያንዳንዱ ካሬ ሜትርና ለእያንዳንዱ ዲግሪ ልዩነት 7 ዋት ያህል ሙቀት ያስወጣል። 16 ካሬ ሲባዛ በ7፣ ሲባዛ በ10፣ 1,120 ዋት ማለት ነው። በግድግዳው 540 ዋት ገደማ፣ በበርና በመስኮት ክፍተት ደግሞ ሌላ 150 ይወጣል። ሲደመር 1,800 ዋት ያልፋል። ባለ 1,500 ዋት ሂተር የገዛ ሰው «ዕቃው አይሠራም» ብሎ የሚመልሰው ለዚህ ነው።

ያው ክፍል የችፑድ ኮርኒስ ቢመታለት በጣሪያ የሚወጣው ወደ 400 ዋት ይወርዳል፤ ጠቅላላው በ1,100 ዋት ይያዛል። ኮርኒሱ አንዴ የሚከፈልበት ነው፤ የ700 ዋቱ ልዩነት ግን ማሞቂያው በበራ ቁጥር ቆጣሪው ላይ ይነበባል። በዚህ ላይ ቆርቆሮው ግድግዳው ላይ የሚያርፍበትን የሞገዱን ቀዳዳ መድፈን አይረሳ። ነፋሱ የሚገባው በበሩ ሥር ብቻ አይደለም። የማዳበሪያ ወይም የአቡጀዲ ኮርኒስ ነፋስ ይቀንሳል፤ ግን በቀላሉ እሳት ስለሚይዝ የሚቀላ (ሽቦው ቀይ ሆኖ የሚበራ) ማሞቂያ ከፍ ብሎ የሚሰቀልበት ቤት ውስጥ መኖር የለበትም።

«ኮረንቲ ቆጣቢ» የሚለውን ማመን

ባለ ዘይቱም፣ ባለ ፋኑም፣ የሚቀላውም ያው ናቸው፤ አንድ ኪሎዋት ሰዓት በልተው የአንድ ኪሎዋት ሰዓት ሙቀት ይሰጣሉ። ባለ 2,000 ዋት የዘይት ሂተር ከባለ 2,000 ዋት ፋን ቆጣቢ ሊሆን አይችልም። ሻጩ የፈለገውን ይበል። በእውነት የሚቆጥበው ማሞቅም የሚችል ኢንቨርተር ኤሲ (አየር ማቀዝቀዣ) ብቻ ነው፤ ሙቀቱን ከውጭው አየር ስለሚስብ በእኛ ዓይነት ብርድ ከበላው ሦስት እጥፍ ያህል ሊሰጥ ይችላል። መግዣው ውድ ነው፤ የቮልቴጅ መዋዠቅም አይወድም። በወር ጥቂት ሌሊት ብቻ ለሚያሞቅ ሰው አያዋጣም፤ ቀኑን ሙሉ እንግዳ ለሚያስተናግድ ግን ሊታሰብበት ይገባል።

ሂሳቡን ቀድሞ ማስላት ቀላል ነው። 1.5 ኪሎዋት በቀን 4 ሰዓት ከሠራ በወር 180 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። ፍጆታ ሲጨምር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም አብሮ ስለሚጨምር፣ ይህን በባለፈው ወር ቢል ላይ ደምሮ ማየት ያስፈልጋል።

ወርክሾፑን እንደ መኝታ ቤት ማሞቅ

ጣሪያው 4 ሜትር፣ የላሜራ በሩ ቀኑን ሙሉ ክፍት የሆነ የብየዳ ወይም የእንጨት ሥራ ቤት ውስጥ አየር ማሞቅ ከንቱ ድካም ነው፤ የሞቀው አየር ወደ ቆርቆሮው ይወጣል። እዚያ የሚያስፈልገው ሰውየውንና ባንኮውን በቀጥታ የሚመታ፣ ግድግዳ ላይ ከፍ ብሎ የሚታሰር ጨረራማ ማሞቂያ ነው። ፒያሳ አካባቢ ባሉት ወፍራም ግድግዳ የድሮ ቤቶች ውስጥም፣ ለአንድና ለሁለት ሰዓት ብቻ ከሆነ፣ ይኸው ይሻላል። ወፍራም ግድግዳ እስኪሞቅ ሰዓቱ ያልቃል።

ሰጋቱራ፣ ቲነርና ቫርኒሽ ባለበት ግን የሚቀላ ነገር ጨርሶ አይገባም። የቲነርና የቤንዚን ትነት ከአየር ይከብዳል፤ ወለል ላይ ተኝቶ ይሄድና ከታች የተቀመጠ ሂተር ያገኛል። እንዲህ ላለው ቤት ባለ ዘይቱ፣ ቀለም ከሚቀባበት ክፍል ውጭ ተቀምጦ፣ የተሻለ ነው። ነጭ ኮላ ብርድ ውስጥ በደንብ ስለማይዝ፣ ሙሉውን ቤት ከማሞቅ የተጣበቀውን እንጨት ለብቻው ትንሽ ክፍል ውስጥ ማሳደር ይበጃል።

ማሞቂያውን በዲቫይደር መሰካት

2,000 ዋት በ220 ቮልት 9 አምፔር ይስባል። ገበያ ላይ ያለው ብዙው ዲቫይደር ሽቦው ቀጭን ነው፤ ተጠቅልሎ ከተቀመጠ ደግሞ የራሱን ሙቀት አምቆ ይቀልጣል። ለማሞቂያ ከብሬከር ጀምሮ ለብቻው የተሳበ 2.5 ካሬ ሚሊሜትር መዳብ ሽቦ፣ ባለ 16 አምፔር ብሬከርና የመሬት ሽቦ ያለው ሶኬት ያስፈልጋል። ሽቦ ሲገዙ ጫፉን በቢላዋ ይፋቁት፤ ከሥሩ ነጭ ከወጣ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው።

አብዛኛው ቃጠሎ የሚነሳው ከላላ መገናኛ ነው። ሶኬቱ ወይም ስካቶላው ውስጥ ያለው ግንኙነት ላልቶ ኮረንቲውን በግማሽ ኦም (የኮረንቲ እንቅፋት መለኪያ) ብቻ ቢያግድ፣ 9 አምፔር ሲያልፍበት 40 ዋት ሙቀት እዚያች ነጥብ ላይ ይፈጠራል፤ የሬዲዮ ጠጋኝ መበየጃ ግድግዳ ውስጥ ሰክቶ እንደመተው ነው። በናስትሮ የተጠቀለለ የተጠማዘዘ ሽቦ ለአምፖል ይበቃ ይሆናል፤ ለሂተር አይበቃም። አዲስ ማሞቂያ ግማሽ ሰዓት ከሠራ በኋላ ነቅለው የስፒናውን ፕላስቲክ ይንኩ። ለብ ቢል ችግር የለውም፤ እጅ የሚያስነሳ ከሆነ ሶኬቱ ይቀየር።

ምጣድና ሂተርን አንድ ላይ ማብራትም የዚሁ ወንድም ነው። ምጣዱ ብቻ 3,500 ዋት አካባቢ ስለሆነ ሁለቱ አንድ ላይ 25 አምፔር ይጠጋሉ።

ቮልቴጁን ሳይለኩ ዋት መምረጥ

ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ዋት ለ220 ቮልት ነው። ቮልቴጁ ወርዶ 180 ከደረሰ ባለ 2,000ው የሚሰጠው 1,340 ዋት ብቻ ነው። ስለዚህ ከምሽቱ 1 እስከ 3 ሰዓት፣ ሁሉም በሚያበራበት ጊዜ፣ በመልቲሜትር ይለኩ፦ አንዴ ምንም ሳይበራ፣ አንዴ ከባድ ዕቃ በርቶ። ሳይበራም ዝቅ ካለ ችግሩ ከውጭ መስመር ነው። ባለ 2,000 ዋቱ ሂተር ሲበራ ብቻ ከ220 ወደ 195 ከወረደ ግን አብዛኛውን ጊዜ የቤቱ ሽቦ ነው፤ 200 ዋት ያህሉን መንገድ ላይ እየበላው ነው ማለት ነው።

ለዚህ ብሎ ስታቢላይዘር (ቮልቴጅ አስተካካይ) መግዛት የባሰ ስህተት ነው። ማሞቂያ ቮልቴጅ ቢያንስበት አይበላሽም፤ ስታቢላይዘሩ ግን ከደከመው መስመር ላይ ተጨማሪ አምፔር ይጎትታል።

ለጥምቀት እንግዳ የሚያዘጋጁ ፔንሲዮኖች

10 ክፍል፣ በየክፍሉ 1,500 ዋት፣ ሁሉም ማታ አንድ ሰዓት ላይ ሲበራ 15 ኪሎዋት ነው። በአንድ ፌዝ (በአንድ የኮረንቲ መስመር) 68 አምፔር፤ አይሞከርም። በሦስት ፌዝ እኩል ከተከፈለ በየፌዙ 23 አምፔር ይሆናል። ክፍሎቹን በተርታ ለአንድ ፌዝ ከመስጠት አንዱን ለአንዱ፣ ቀጣዩን ለሌላው እያፈራረቁ ማሰር ነው።

መብራት እንደሚጠፋ መርሳት

መብራት ሲጠፋ ከሰል አቀጣጥሎ የተዘጋ ክፍል ማስገባት ገዳይ ነው፤ ጭሱ ቢያልቅም ሽታ የሌለው ጋዝ ይቀራል።

ሌላው የመብራቱ መመለስ ነው። የሚዞር ማብሪያ ያለው ሂተር በርቶ እንደነበረ ይቆያል፤ ሱቁ ተዘግቶ ሁሉም ከሄደ በኋላ ሌሊት ብቻውን ይነሳል። ዲጂታል ቁልፍ ያለው ደግሞ ብዙውን ጊዜ እንደጠፋ ይቀራል። ለወርክሾፕ ሁለተኛው ይመረጣል። ሌሊት ሕፃን ወይም አዛውንት ለሚተኙበት ክፍል ግን፣ በቂ ርቀትና ወድቆ ሲገለበጥ ራሱን የሚያጠፋ ማብሪያ ካለው፣ የመጀመሪያው ይሻላል።