ስለ ሰው ጽንስ ሞዴሎች ሲያቀርቡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በሐዋሳ ለሕክምናና ለባዮሎጂ ተማሪዎች ሥነ ጽንስ ሳስተምር፣ ከስቴም ሴል (ወደ ሌሎች የሴል ዓይነቶች መለወጥ ከሚችል መነሻ ሴል) ስለሚበቅሉ የሰው ጽንስ ሞዴሎች፣ ማለትም ጽንስን ስለሚመስሉ የሴል ስብስቦች፣ የሚቀርቡ ሴሚናሮች ከሌሎቹ ይልቅ ብዙ ጥያቄ ሲያስነሡ አያለሁ። አቅራቢዎቹ በአብዛኛው ጽሑፉን በሚገባ አንብበው ይመጣሉ፤ የሚሳሳቱት ሞዴሉ ከእውነተኛው ጽንስ የሚለይበትን ቦታ ሳይናገሩ ሲያልፉ ነው።

የመጀመሪያው ስህተት «ያለ እንቁላልና ያለ ወንድ ዘር ሰው ተፈጠረ» የሚል አቀራረብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 በእስራኤሉ ቫይዝማን ተቋም የሚገኘው የጄኮብ ሃና ቡድን የ14 ቀን ጽንስን የሚመስል ሞዴል ሲያቀርብ፣ ሞዴሉ በእርግዝና መመርመሪያ ላይ አዎንታዊ ውጤት ማሳየቱ ብዙ ተወርቷል። መመርመሪያው የሚለየው ግን ኤች ሲ ጂ የተባለውን ሆርሞን ሲሆን፣ ይህን ሆርሞን የሚያመነጩት ደግሞ የእንግዴ ልጅ የሚሆኑት ሴሎች ናቸው፤ ስለዚህ ውጤቱ የሚመሰክረው እነዚያ ሴሎች ሥራቸውን መጀመራቸውን ብቻ ነው። መነሻዎቹ ስቴም ሴሎችም ቢሆኑ ቀድሞ ከነበረ ጽንስ ወይም ወደ ስቴም ሴልነት ከተመለሰ የአዋቂ ሰው ሴል የተገኙ እንጂ ከምንም የተሠሩ አይደሉም።

በቀን አቆጣጠር ላይ የሚፈጸመው ስህተት የበለጠ ሥር የሰደደ ነው፤ ሁለት መልክም አለው። የሕክምና ተማሪዎች እርግዝናን ከመጨረሻው የወር አበባ የመጀመሪያ ቀን አንሥተው መቁጠር ስለለመዱ፣ የ14 ቀን ጽንስ ሲባሉ የሁለት ሳምንት እርግዝና ይመስላቸዋል። በሥነ ጽንስ ቀኑ የሚቆጠረው እንቁላሉና የወንዱ ዘር ከተዋሐዱበት ዕለት በመሆኑ፣ ያው ጽንስ በእናትየዋ ካርድ ላይ አራተኛ ሳምንቱን ሊጨርስ የተቃረበ እርግዝና ነው። በአልትራሳውንድ የጽንሱ ከረጢት መታየት የሚጀምረው በዚሁ የካርድ አቆጣጠር በአምስተኛው ሳምንት ገደማ ነው፤ እነዚህ ሞዴሎች በአብዛኛው የሚያስጠኑን እዚህ ሐዋሳም ሆነ ሌላ ቦታ ያለ አልትራሳውንድ ገና ሊያሳየን የማይችለውን ጊዜ ነው።

ሁለተኛው መልክ ሞዴሉ በላቦራቶሪ የቆየበትን ጊዜ እንደ ዕድሜው መውሰድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 ከካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የወጣው የሰው ጋስትሩሎይድ (የጽንሱ መሠረታዊ የሴል ንብርብሮች የሚፈጠሩበትን ደረጃ የሚመስል ሞዴል) የበቀለው በ72 ሰዓት ውስጥ ሲሆን፣ በዘረመል እንቅስቃሴው በከፊል የተነጻጸረው ግን ሦስት ሳምንት ገደማ ከሆነው ጽንስ ጋር ነው። የእንግዴ ልጅ የሚሆኑ ሴሎች የሉትም፤ አንጎልን የሚያስገኘው የፊተኛው ክፍልም ይጎድለዋል። ታዲያ ይህ የሰውን ጽንስ በላቦራቶሪ ከ14 ቀን በላይ ማቆየትን ከሚከለክለው ገደብ አልፏል ወይስ አላለፈም? ገደቡ እ.ኤ.አ. በ1984 በብሪታንያው የዋርኖክ ኮሚቴ ቀርቦ በ1990 በዚያው አገር ሕግ ሲሆን የታሰበው እንቁላልና ዘር ተዋሕደው ለሚገኝ ጽንስ ስለነበር፣ ደረጃ እየዘለለ ለሚያድግ ሞዴል ቀን መቁጠር መልስ አይሰጥም።

አንድ ያማረ ምስል አሳይቶ ማለፍም መቅረት አለበት። በቫይዝማኑ ሥራ ከተጀመሩት የሴል ስብስቦች ወደሚፈለገው ቅርጽ የደረሱት ከመቶ 1 እስከ 3 የሚሆኑት ብቻ ነበሩ፤ አቅራቢው ይህን ከምስሉ ጋር አብሮ መናገር ይገባዋል። የሴልን ማንነት በአንድ ሁለት ምልክቶች (ሴሉን ለመለየት በሚያገለግሉ ጂኖች ወይም ፕሮቲኖች) መደምደምም ከዚህ አይሻልም። እ.ኤ.አ. በ2021 ከአውስትራሊያው ሞናሽ ዩኒቨርሲቲ የቀረቡት አይብላስቶይዶች (ከማኅፀን ግድግዳ ከመጣበቁ በፊት ያለውን ጽንስ የሚመስሉ ሞዴሎች) የእንግዴ ልጅ መነሻ ሴሎች እንዳሏቸው ተገልጾ ነበር፤ ሌሎች ተመራማሪዎች መረጃውን ከእውነተኛ ጽንስ መረጃ ጋር ዳግም ሲያነጻጽሩ ግን፣ ሴሎቹ ይበልጥ የሚመስሉት አምንዮን የተባለውን የሽርት ውኃ ከረጢት ሽፋን ነው ሲሉ ተከራክረዋል። ጋታ 3 የተባለው ምልክት በሁለቱም ዓይነት ሴሎች ስለሚገኝ በእርሱ ብቻ መለየት አይቻልም። በእኔ አስተያየት ለጀማሪ ተማሪ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ የለም።

ሞዴሎቹን ለመካንነት ወይም ለተደጋጋሚ ውርጃ የተገኘ ሕክምና አስመስሎ ማቅረብም ተገቢ አይደለም፤ የጥናት መሣሪያዎች ናቸው።

ያለፈበትን መመሪያ መጥቀስ እንዲሁ የተለመደ ነው። ዓለም አቀፉ የስቴም ሴል ጥናት ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2021 ሞዴሎቹን ሙሉውን ጽንስ የሚወክሉና ከፊሉን ብቻ የሚወክሉ ብሎ በመክፈል የተለያየ ቁጥጥር ደንግጎላቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2025 ግን ይህን ክፍፍል አንሥቶ፣ ባለ ሦስት አውታር ሞዴሎች ሁሉ ግልጽ ሳይንሳዊ ምክንያትና አስቀድሞ የተወሰነ ማብቂያ እንዲኖራቸው፣ በተገቢ ቁጥጥር ሥርም እንዲሆኑ ጠይቋል። ወደ ሰው ወይም ወደ እንስሳ ማኅፀን ማስገባትና ከማኅፀን ውጭ በሕይወት ሊኖሩ እስከሚችሉበት ደረጃ ማሳደግ በዚሁ መመሪያ የተከለከሉ ናቸው።