የአያትን ደግነት በዝክር ማስቀጠል

አያት ያረፉበት ቤተሰብ ብዙውን ጊዜ የሚጨነቀው ለ40 ቀኑ ተዝካር፣ ቀጥሎም ለሙት ዓመቱ ድግስ ነው። ድግሱን አልነቅፍም፤ ነገር ግን አያታችሁ በደግነታቸው እንዲታወሱ የምትፈልጉ ከሆነ፣ እርሳቸው በየወሩ ያደርጉት የነበረውን ዝክር መያዝ ይበልጣል ብዬ አምናለሁ።

አስቀድማችሁ የክርስትና ስማቸውን አጣሩ። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ካህኑ በፍትሐት የሚጠራው በ80 ቀናቸው (ወንድ አያት ከሆኑ በ40 ቀናቸው) ሲጠመቁ የወጣላቸውን ስም ነው፤ ጎረቤት የሚያውቃቸው ግን በሌላ ስም ስለሆነ፣ ወለተ ማርያም ይሁኑ ወለተ ሥላሴ የማያውቅ የልጅ ልጅ ብዙ ነው። የንስሐ አባታቸውን ወይም የጽዋ ማኅበርተኞቻቸውን ጠይቁና በቤት ባለው ዳዊት መጀመሪያ ገጽ ላይ ጻፉት። በውጭ አገር ያላችሁም ለምትሳለሙበት ደብር ካህን ይህንኑ ስም ስጡ።

ከዚያ የሚዘክሩትን ቀን ለዩ፤ በ12 ሚካኤልን፣ በ21 ማርያምን፣ በ27 መድኃኔዓለምን ይዘክሩ ይሆናል። የጽዋ ማኅበር ከነበራቸው ከቤተሰቡ አንድ ሰው በቦታቸው ይግባ፤ ተራው ሲደርስም ጽዋውን ተረክቦ ወደ ቤቱ ይውሰድ። ከሌላቸው ድፎ ዳቦና ጥቂት ጠላ ይበቃል፤ ቀኑ ጾም ላይ ከዋለም የሚቀርበው ሁሉ የጾም ይሁን።

ዳቦውን ግን አትግዙ። ሊጡን ከነጥቁር አዝሙዱ አቡክታችሁ ኩፍ እስኪል ጠብቁና በኮባ ጠቅልላችሁ ጋግሩት፤ ኮባ በማይገኝበት አገር የመጋገሪያ ወረቀት ይተካዋል። ልጆች አጠገባችሁ ይቀመጡ፤ አያታቸው ምን ዓይነት ሰው እንደነበሩ ለመንገር ዳቦው እስኪበስል ካለው ጊዜ የተሻለ አላውቅም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። እምዬ እያልን የምንጠራት አያቴ በ21 ዳቦው ተባርኮ ሲቆረስ፣ ማንም ሳይቀምስ አንድ ትልቅ ቁራሽ በተረፈው ኮባ ጠቅልላ ነጠላዋ ሥር ትሸፍንና በጓሮ በር ትወጣ ነበር። የምትሄደው ችግሩን ለሰው ከማይናገር ጎረቤት ዘንድ ነው። «ይኸው አመጣሁልህ» አትልም፤ «የእመቤቴ ዝክር ነው፣ ቅመሱልኝ» ነበር የምትለው፤ ስለዚህም ተቀባዩ ምጽዋት እንደተሰጠው ሳይሆን በረከት እንደተካፈለ ሆኖ፣ እርሷንም መርቆ ይቀበላት ነበር።

እናንተም ድርሻውን ከማዕዱ በፊት ለዩ እንጂ ትራፊ አትላኩ። የሚወስደው ልጅ ከሆነ ደግሞ «እርዳታ» የሚለው ቃል ከአፉ እንዳይወጣ፣ በሁለት እጁ ሰጥቶ «ዝክር ነው፣ ቅመሱልን» እንዲል አስተምሩት፤ ሰሃኑንም በር ላይ ቆሞ አይጠብቅ፣ በሌላ ቀን ይምጣለት።